የእማዬ ሳህን

እናታችሁ ቁጭ ብላ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ፣ በመሐል ማንም ሳያስነሣት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስትበላ ያያችኋት መቼ ነው? አትቸኩሉ፤ አስቡበት። «በበዓል ቀን» እንዳትሉኝ፤ በበዓል ቀን እናት የምትቀመጠው እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ ነው። «እሑድ ምሳ ላይ» እንዳትሉኝ፤ እሑድ ምሳ ላይ «ጨው ጎደለው እንዴ?»፣ «እንጀራ ልጨምር?»፣ «ያ ልጅ በላ?» እያለች በትሪውና በማድ ቤቱ መካከል የምትመላለሰው እሷ ናት።

እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ቤታችን ውስጥ ሳይሆን ብሥራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ፣ ስምንት ጠረጴዛ ብቻ በሚይዝ ትንሽ የጣሊያን ምግብ ቤት። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ቤትና እዚያ ለእማዬ ስለሚቀርብላት ሳህን ነው።

ምግብ ቤቱ ድሮ የሰው መኖሪያ ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ አሮጌ ቪላ ነው፤ በሩ ላይ ከተንጠለጠለችው በእጅ የተጻፈች ትንሽ ሰሌዳ በቀር ምልክት ስለሌለው የማያውቀው ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። በረንዳው ላይ ሦስት፣ ሳሎን በነበረው ክፍል ውስጥ አምስት ጠረጴዛ አለ። ወንበሮቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። የግቢው ዳር ዳር የጥብስ ቅጠል ተተክሎበታል፤ ማድ ቤት ሲያስፈልግ አንዷ ልጅ መቀስ ይዛ ትወጣና ቆርጣ ትመለሳለች። ከጓሮ በኩል በጡብ የተሠራ የፒዛ ምድጃ አለ። በሩን እንዳለፋችሁ የባሕር ዛፍ ጢስ፣ የነጭ ሽንኩርትና የትኩስ ዳቦ ሽታ አንድ ላይ ሆነው ይቀበሏችኋል።

የቤቱን ባለቤት ሰፈርተኛው ሁሉ «ሲኞራ» ነው የሚላት። ሐበሻ ናት። እንደ ብዙዎቹ የዘመኗ ሴቶች ወጣትነቷን ጣሊያን አገር በሰው ቤት ሥራ ነው ያሳለፈችው። ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት ስትጦር ከሴትዮዋ እጅ ምግብ ማብሰል ተማረች፤ ይዛው የተመለሰችው ትልቁ ሀብትም ያ ሙያ ነው። የምግብ ዝርዝሯ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ለምን አታበዢውም ስትባል «መቶ ዓይነት ምግብ የሚዘረዝር ቤት ስታዩ ፍሪጁን ጠርጥሩ» ትላለች።

መቼም ለአዲስ አበባ ሰው የጣሊያን ምግብ የባዕድ ምግብ ነው ማለት ይከብዳል። ጣሊያንኛ ሳንማር በየቀኑ ጣሊያንኛ እናወራለን። መኪና፣ ጎማ፣ ፋብሪካ፣ ቦሎ፣ ፉርኖ፣ ስጎ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ቃላት ናቸው። ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ቃል የመጣ ስም ነው፤ «የኢንቺስ ቤቶች» እንደማለት። «ማኪያቶ» ብለን ስናዝም «ነጥብ ያረፈበት» እያልን ነው።

ቃላቱ ግን በሰላም የገቡ አይደሉም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ፣ በተለይም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በወረደው እልቂት ስንት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። ነፃነት ሲመለስ ብዙዎቹ ጣሊያኖች ወደ አገራቸው ሲሄዱ ጥቂት የማይባሉት እዚሁ ቀሩ፤ ጋራዥ ከፈቱ፣ ዳቦ ጋገሩ፣ ምግብ ቤት አቋቋሙ። የፒያሳው ስመ ጥር ካስቴሊ የተመሠረተው በዚያ ዓይነት በቀረ ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ የኖረው ቶሞካም ስሙ የተገጣጠመው ከሦስት የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች ነው።

እኛም በበኩላችን የመጣውን እንደመጣ አልበላነውም። ስጎው ውስጥ በርበሬ ነሰነስንበት፤ ፓስታውን እንጀራ ላይ ገልብጠን በእጃችን ጠቀለልነው፤ ለረቡዕና ለዓርብ አይብ የሌለው የጾም ፒዛ አወጣን፤ ላዛኛን ከዶሮ ወጡ ጎን አሰልፈን የሠርግ ምግብ አደረግነው።

የእማዬ አባት አርበኛ ነበሩ። እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ፓስታ ደጃቸውን አልረገጠም፤ «የዚያ ሰውዬ ምግብ» ነበር የሚሉት። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰችው ለትምህርት አዲስ አበባ መጥታ አክስቷ ቤት ስትቀመጥ ነው፤ ለአባቷም አልነገረቻቸውም። ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሹካዋን እያሽከረከረች ስፓጌቲውን ስትጠቀልል አንዳንዴ ቆም ትልና «አባባ በጠመንጃ ያባረሩትን እኔ በሹካ እጠቀልላለሁ» ብላ ትስቃለች።

ይህን ሳቅ ለመስማት ግን ብዙ ጠብቀናል።

አባቴ ያረፈው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ተስካሩ ወጣ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ተመለሰ፣ እማዬም ከአርባ ስድስት ዓመት ትዳር በኋላ ብቻዋን ቀረች። አራታችንም ልጆቿ የየራሳችንን ቤት ይዘን ወጥተናል። እማዬ አለቀሰች፣ ጥቁሯን ለበሰች፣ ቤተ ክርስቲያን ሳመች፤ ይህን ሁሉ እንጠብቀው ነበር። ያልጠበቅነው መብላት መተዋን ነው። ረሃብ አጥታ አይደለም፤ የምታበስልለት ሰው ስላጣች ነው። «ለአንድ ሰው ብሎ ድስት ይጣዳል?» ትላለች። ሻይ በዳቦ ቁርስ ይሆናል፤ ሻይ በዳቦ ምሳ ይሆናል፤ ማታ ደግሞ «ምሳ ዘግይቼ ነው የበላሁት» ይባላል።

በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ኪሎ ቀነሰች። ቀሚሶቿ ትከሻዋ ላይ የተሰቀሉ መሰሉ። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ደሟ ተመረመረ፣ ሆዷ በአልትራሳውንድ ታየ፣ ስኳሯም ታይሮይዷም ተለካ። ሐኪሙ የውጤቱን ወረቀት ሁሉ ደርድሮ ካየ በኋላ መነጽሩን አወለቀና «እናታችሁ በሽታ የለባቸውም፤ አይበሉም እንጂ» አለን።

ልጅ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግን። ምግብ ሠርተን በምሳ ዕቃ ላክን፤ ለዘበኛውና ለጎረቤት ልጆች አበላችው። ሠራተኛ ቀጠርንላት፤ ሠራተኛዋ ወፈረች። «እኛ ጋ ነዪ» ብለን በየተራ ለመንናት፤ «ቤቴን ዘግቼ? ሰው ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?» አለች።

ሲኞራ ቤት የገባነው በዚህ መሐል ነው። የታናሽ እኅቴ ልደት ነበር። ቤት ውስጥ እናክብር ብንል እማዬ ቀኑን ሙሉ ቆማ እንደምትውል ስለምናውቅ ከቤቷ በእግር አምስት ደቂቃ የማይርቀውን ይህን ምግብ ቤት መረጥን። እዚያ የሆነው ነገር ቀላል ነው።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይባል የለ? ከአንድ ማሕፀን የወጣን አራት ሰዎች አራት ዓይነት ምግብ አዘዝን። ታላቅ ወንድሜ ላዛኛ፣ ታናሹ ፒዛ፣ እኅቴ ሪዞቶ፣ እኔ ፓስታ በቱና። እማዬ ሜኑውን ሳትከፍት «እኔ ከናንተ እቀምሳለሁ» አለች። አስተናጋጇ ገና ወጣት ናት፤ ጎንበስ አለችና «እማማ፣ እዚህ ቤት መቅመስ የለም፤ የራስዎ ይምጣልዎት» አለቻት። እማዬ ልጅቱን ላለማስቀየም ብላ ስፓጌቲ በስጎ አዘዘች።

ሳህኑ እንፋሎቱ እየወጣ ፊቷ ቀረበ። እማዬ እንደ ልማዷ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ለማን ልግፋ? የሁላችንም ሳህን ሙሉ ነው። ከወንበሯ ብድግ ለማለት ዳዳት፤ የምትሄድበት ማድ ቤት የለም። ውኃው ቀርቧል፣ ዳቦው ቀርቧል፣ ጨውም ጠረጴዛው ላይ አለ። ቀስ ብላ ሹካዋን አነሣች። አንድ ጎረሰች፣ ደገመች። ሳህኑ እስኪነጻ በላች፤ የቀረውን ስጎ በዳቦ ጠረገችው። እኛ እርስ በርስ ተያየን፤ ማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከተናገርን የምታቆም መሰለን።

ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። በኋላ የገባኝ ይህ ነው፦ በትሪ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። የአብሮ መብላት ውበቱም እዚያ ላይ ነው፤ ማንም የማንንም ጉርሻ አይቆጥርም። እናት ግን የምትደበቀው እዚያው ውስጥ ነው። ሥጋውን ወደ ልጆቿ፣ ዕንቁላሉን ወደ አባወራው ገፋ ታደርግና እሷ ወጥ የነካካውን የእንጀራ ዳር ትቆርሳለች። እጇ ስለሚንቀሳቀስ ሁሉም ሰው የበላች ይመስለዋል። ለብቻ የቀረበ ሳህን ግን አይደብቅም። ከፊቷ ተቀምጦ «ይህ ያንቺ ነው» ይላታል፤ ሲተርፍም ይታያል፣ ሲያልቅም ይታያል።

መሶብን እያማሁ እንዳይመስላችሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ እኔም ልጆቼን የማበላው በአንድ ትሪ ነው። ነገር ግን የትሪውን ደስታ ሁላችንም ስንካፈል ወጪውን ዘወትር የምትከፍለው አንዲት ሴት ከሆነች፣ በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ዓይነት ጠረጴዛ ቢሞከር ምን ይጎዳል? ሳህኑ ለየብቻ ቢሆንም ጠረጴዛው አንድ ነው፤ ጨዋታውም አንድ ነው።

ሁለተኛውን ነገር ያስተማረችን ሲኞራ ናት። አንድ ቀን የእማዬ ምግብ ቀርቦ ሳለ ወንድሜ በስልክ ሲያወራ እሱ እስኪጨርስ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ሲኞራ ከማድ ቤት ብቅ አለችና «እማማ፣ ፓስታ ሰው አይጠብቅም፤ ይብሉ!» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልቀለደችም። እንዲህ ብላ አስረዳችን። ወጥ ይጠብቃል፤ እንዲያውም አድሮ የሚጣፍጥ ወጥ አለ። ፓስታ ግን ከውኃው ከወጣ በኋላ ዕድሜው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስጎውን መጥጦ ይደርቃል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይለሰልስና ጣዕሙን ያጣል። ስለዚህ ጣሊያኖች ፓስታውን የፈላ ውኃ ውስጥ የሚጨምሩት በላተኛው መምጣቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው፤ ሲቀርብ ደግሞ ሁሉም ወዲያው ይበላል።

እማዬ ይህን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ አርባ ስድስት ዓመት ከወጡ ጋር ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለች። በምሬት አይደለም፤ ሒሳብ እንደሚያሰላ ሰው ነበር የተናገረችው። ባሏ ከሥራ እስኪመጣ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ፣ እንግዳ እስኪጠግብ ጠብቃለች። ይህን ብላ ወንድሜን ሳትጠብቅ መብላት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የእማዬ ቀን ሆነ። አራት ልጆች ስለሆንን በወር አንድ አንድ ሐሙስ ይደርሰናል፤ ተራ የደረሰው ከእሷ ጋር ምሳ ይበላል። እውነቱን ለመናገር ርካሽ አይደለም። ቢሉ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ደግሞ ይሰማል። ስለዚህ እንደ ዕቁብ አድርገን በየወሩ እኩል እናዋጣለን። ይህን ያደረግነው እማዬ ሳታውቅ ነበር፤ ግን ከእሷ የሚሰወር ነገር የለም። በሦስተኛው ሐሙስ ቦርሳዋን ከፍታ «እኔ የጡረታ ብር አለኝ፤ ልጆቼ ሲያበሉኝ አልኖርም» አለች። ክርክሩን የፈታችው ሲኞራ ናት፤ ምሳው የልጆች፣ ማኪያቶው የእማማ ይሁን አለች። እስከ ዛሬ የማኪያቶውን የምትከፍለው እማዬ ናት፤ ብሩን ከመሐረቧ ጫፍ ፈትታ ስትቆጥር ጠረጴዛው ላይ የተቀመጥን ሁሉ የእሷ እንግዶች እንሆናለን።

አስተናጋጇም የእማዬ ጉርሻ አላመለጣትም። አንድ ጊዜ ሳህን ልታነሣ ስትመጣ እማዬ ስፓጌቲውን በሹካ ጠቅልላ «ነዪ፣ ጉረሺ» አለቻት። «እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ብትሽኮረመምም ለምን ብላ ትለቃታለች! ልጅቱ ዞር ብላ ጎረሰች። ጠረጴዛው ላይ የምንተወውንም ብር «ጉርሻ» የምንለው በከንቱ አይደለም።

ምግቡ ላይ ላቆያችሁ፤ ቤታችሁ መሞከር የምትፈልጉ አትጠፉምና። ሲኞራ ለእማዬ ያስተማረቻት ልኬት ይህ ነው፦ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውኃና 10 ግራም ጨው። ውኃው በደንብ ሳይፈላ ፓስታው አይገባም፤ ዘይትም አይጨመርበትም። ፓስታው ሲወጣ የተቀቀለበት ውኃ በሙሉ አይደፋም፤ አንድ ጭልፋ ስጎው ላይ ሲጨመር ስጎውን ከፓስታው ጋር ያዋሕደዋል። ስጎው ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሰለሪ ደቅቀው ተከትፈው በዘይት በዝግታ ይቁላላሉ፤ የተፈጨው ሥጋ ይከተላል፤ ከዚያ ቲማቲሙ ይገባና በትንሽ እሳት ይንተከተካል። እማዬ በዚህ ላይ አንድ ነገር አሻሽላለች፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ በሶብላ ትጨምርበታለች። ሲኞራ ቀምሳ «ይሄ ሮም ቢደርስ ይወሰድብሻል» ብላታለች።

ለጿሚዎችም አንድ ነገር። ደረቁ ፓስታ የሚሠራው ከዱረም ስንዴና ከውኃ ስለሆነ ለጾም ይሆናል፤ በእጅ የሚዳመጠው እርጥቡ ፓስታ፣ ለምሳሌ ታሊያቴሌ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕንቁላል ስላለበት ለፍስክ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ዱረም ስንዴውም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የዱረም ስንዴ ዝርያዎች እጅግ ከሚበዙባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ባሌ ላይም በሰፊው ይመረታል። እማዬ ይህን ስነግራት «ታዲያ እህሉ የኛው ነዋ!» ብላ ለአባቷ ነፍስ ይቅርታ የጠየቀች መሰለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ተራዬ ነበር። ከባድ ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል የነበረው ቀጠሯችን ሰባት ሰዓት አለፈው። እማዬ ብቻዋን ምግብ ቤት ቁጭ ብላ ታውቃለች ብላችሁ ታስባላችሁ? በፍጹም። በእሷ ዘመን ሴት ብቻዋን ምግብ ቤት ገብታ ስትበላ መታየት ነውር ነው፤ ከረሃብ ይልቅ «ምን ይሉኛል» ይከብዳል። ስለዚህ በሩ ላይ ጥላ ይዛ ቆማ ስትጠብቀኝ ታየችኝ። ወይም ሳትበላ ወደ ቤቷ ተመልሳ ይሆናል። ደወልኩ።

«የት ነሽ እማዬ?»

«የት እሆናለሁ? ሲኞራ ቤት ነኛ።»

«በቃ ጠብቂኝ፣ ልደርስ ነው።»

«አዝዣለሁ» አለችኝ። «ፓስታ ሰው አይጠብቅም።»

ስደርስ ሳህኗ ተነሥቷል። ነጭ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በረንዳው ላይ ዝናቡን እያየች ማኪያቶዋን ትጠጣለች። አጠገቧ ማንም የለም። ፊቷ ላይ ብቸኝነት ፈለግሁ፤ ያየሁት ግን ደንበኛ ነው። ቦታዋን የምታውቅ፣ የምትፈልገውን አዝዛ የበላች ደንበኛ። «በይ አንቺም ተቀመጪና እዘዢ፤ እርቦሻል» አለችኝ። የዚያን ቀን እኔ ስበላ ያየችኝ እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ሐሙስን መጠበቅም ቀረ። አንዳንድ ረቡዕ ብቻዋን ትሄድና የጾም ፓስታ በአትክልት ትበላለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱንም ቀን ሽሮ ብቻ ከመብላት ይሻላል ብላ የማኅበር ጓደኞቿን ይዛቸው መጣች። ከእሷ ጋር አምስት እናቶች፣ ሁሉም ነጠላ ያጣፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳውን ሞሉት። ከመካከላቸው ሁለቱ እንደ እሷ ባሎቻቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። መጀመሪያ ሹካ አልያዘላቸው ብሎ እርስ በርስ ተሳሳቁ፤ አሁን ሲኞራ ጠረጴዛዋን አስቀድማ ትይዝላቸዋለች። እማዬም ከቀነሰችው 9 ኪሎ 5ቱን መልሳለች። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ሲጠይቃት «ስፓጌቲ» አለችው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የጀመረው ነገር ቤትም ገባ። የፋሲካ ዶሮ 12 ብልት ሲታደል ፈረሰኛዋ የማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ የአባወራው ናት። እኛ ቤትም የአባቴ ነበረች፤ የእማዬ ድርሻ አንገት ነበር። «አንገት እወዳለሁ» ትለን ስለነበር ሁላችንም እውነት መስሎን አደግን። አባቴ ካረፈ በኋላ በሁለት ፋሲካዎች ፈረሰኛዋ ድስቱ ውስጥ ቀረች፤ ማንም ሊያወጣት አልደፈረም። በዘንድሮው ፋሲካ እማዬ ትሪውን ከማቅረቧ በፊት ከቁም ሣጥኑ አንድ ሳህን አወጣች። እንጀራ አነጠፈችበት፣ ፈረሰኛዋን ከአንድ ዕንቁላል ጋር አወጣችበት፣ ይዛውም መጥታ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «በሉ እናንተም ብሉ፤ የኔ ይኸው» አለች። ታላቅ ወንድሜ ተነሥቶ ውኃ አመጣ። እኅቴ እንጀራ ጨመረች። እማዬ ከሳህኗ አልተነሣችም።

ታዲያ እናንተም አንድ ቀን ብትሞክሩት ብዬ ነው ይህን ሁሉ ማውራቴ። የግድ የጣሊያን ምግብ መሆን የለበትም፤ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን የሚቀርብበት ቤት ነው። ከእናታችሁ ቤት በእግር የሚደረስ ቢሆን ይመረጣል፤ የናንተን መኪና ሳትጠብቅ አንድ ቀን ብቻዋን ትሄድ ይሆናልና። ትልቅና የሚያብረቀርቅ ቤት አትምረጡ፤ አስተናጋጆቹ የማይቀያየሩበት፣ በሁለተኛው ቀን «እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ?» የሚሉበት ትንሽ ቤት ይሻላል። ቀኑን አትለዋውጡት። ጥቂት የምትከፍለው ነገር ተዉላት። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ አያት ተቀምጣ ስትበላ ማየት ለእነሱም ትምህርት ነው።

እና አንድ ነገር አደራ። ስትሄዱ እናንተ አታዝዙላት። «እሷ የምትወደው ይሄን ነው» እያላችሁ አትናገሩላት። ሜኑውን ስጧት፣ መነጽሯን አቀብሏት፣ እስክትመርጥ ድረስም ዝም ብላችሁ ጠብቋት።